ፈቃደኛ እጅና የለመደ እጅ

ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሞጆ ሁለት ታላላቅ መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። አንደኛው መንገድ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሁለተኛው የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች እየታከከ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ ያመራል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም በዚህችው ከተማ በኩል አልፏል። በመሆኑም በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የተቋቋመው ደረቅ ወደብ በባዶ ሜዳ ላይ የተተከለ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዱሮውንም የሰውና የጭነት መተላለፊያ በነበረች ከተማ ላይ የተጨመረ ሌላ ተግባር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የባቡር መሥመር ደግሞ ይህንኑ ተግባር አጠናክሮታል።

በደረቅ ወደቡ ግቢ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ በጥብቅ የተከፋፈለ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር ይወርዳል፤ ማኅተሙ አለመነካቱ ይረጋገጣል፤ ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል። ዲክላራሲዮኑ ተሞልቶ፣ ፍተሻው አልቆ፣ ቀረጡ ተከፍሎ ዕቃው ለባለቤቱ እስኪደርስ ድረስ ትራንዚተሩ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ የክሬን ነጂው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የከባድ መኪናው ሾፌርና ረዳቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይወጣሉ። አንዱ ተነሥቶ የሌላውን ሥራ ልሥራ ቢል ምን ሊከተል እንደሚችል በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መልካም ልብ አለው ተብሎ ያልሠለጠነ ሰው ክሬን ላይ አይወጣም።

ይህ ጥንቃቄ ግን ከግቢው በር ውጭ በቀላሉ ይዘነጋል። ከደመወዝ ሥራው ተርፎ ለወገኑ በነፃ ሊያገለግል የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ትችላለህ?» የሚል ሳይሆን «ትመጣለህ ወይ?» የሚል ነው። ከመጣ አካፋ ወይም መጥረጊያ ይሰጠዋል። በዚህ ነውር የለም፤ ችግኝ መተከል፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይም መጠረግ አለበት። ይሁን እንጂ 20 ዓመት ሙሉ መጋዘን ሲያደራጅ የኖረ ሰው በጎ ፈቃዱ በዓመት አንድ ቀን አካፋ በመጨበጥ ብቻ ከተወሰነ፣ ለወገኑ ሊሰጥ ከሚችለው ነገር ትንሹን ሰጥቶ ትልቁን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በኢትዮጵያ ያለፈበት ታሪክ ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ የተሳካውን ካልተሳካው የለየው የፈቃደኞቹ ብዛት ወይም የስሜታቸው ግለት አለመሆኑን ያሳያል። ልዩነቱ የመጣው ሰውና ሥራው በመገጣጠማቸው ወይም ባለመገጣጠማቸው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ስለ መተባበር ሲነሣ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ተረቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሎሚዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ተሸካሚዎቹም ሁሉ እኩል መሆናቸውን አስቀድሞ ይገምታል። የገጠሩ ሰው ራሱ በተግባር ከተረቱ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። በደቦ ጊዜ ባለጉዳዩ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ጠላውንና ምግቡን ያሰናዳል፤ የመጣውም ሁሉ አብሮ ያጭዳል። ነዶው ተሰብስቦ ክምር ሊሠራ ሲል ግን ሁሉም ሰው ወደ ክምሩ አይወጣም። ዝናብ የማያስገባ ክምር መከመር ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ያ ሥራ ለሚያውቀው ይተዋል። በወንፈልም ቢሆን በሬ ያለው በሬውን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ያዋጣና ተራው ሲደርስ ይመለስለታል። በኦሮሞ ኅብረተሰብ ዘንድ ዳቦና ዳዶ የሚባሉት የሥራ መረዳጃዎች ከዚህ ጋር የተዛመዱ ናቸው፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኖቹ ከየመንጋቸው አዋጥተው የሚያቋቁሙበት ቡሳ ጎኖፋም የሚጠይቀው እያንዳንዱ ካለው ላይ እንዲሰጥ ነው።

በከተማ የዚህ ሥርዓት ወራሽ ዕድር ነው። ዕድር ከመተዛዘን በተጨማሪ የሥራ ክፍፍል መሆኑ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ነገር አዋቂውና አስታራቂው ዳኛ ይሆናል፤ እጁ ለጽሕፈት የቀና መዝገብ ይይዛል፤ የታመነው ገንዘብ ያዥ ይባላል። ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው ለፋፊ ሆኖ በየመንደሩ ይዞራል። ጐልማሶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶቹ ወጥ ቤቱን ይመራሉ። ዕቃ ያዥ የሚባለው ሰውም አለ፤ ስንት ወንበር፣ ስንት ብረት ድስት፣ ስንት ሳህንና ብርጭቆ ወጥቶ ስንቱ እንደተመለሰ፣ የትኛው እንደተሰበረና ማን መተካት እንዳለበት የሚያውቀው እርሱ ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብ የመጋዘን ኃላፊ ሞዴል 19 ቆርጦ ተረክቦ፣ በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ የሚሠራውን ሥራ የዕድሩ ዕቃ ያዥ በአንድ ደብተር ይሠራዋል። ሁለቱ በመጠን ይለያዩ እንጂ በዓይነት አንድ ናቸው። እርግጥ ነው ዕድር ፍጹም ፈቃደኝነት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣልና። ቅጣቱ ግን የሚጣለው በቀረው ላይ እንጂ፣ አልሆንልህ ያለውን ሥራ አልሠራህም ተብሎ በማንም ላይ አይደለም።

ዘመናዊው የበጎ ፈቃድ ሐሳብ በዓለም ላይ የተስፋፋው በቀይ መስቀል በኩል ነው። የዚህ ማኅበር አመንጪ ሄንሪ ዱናንት ሐኪም እንደነበሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዱናንት የጄኔቭ ነጋዴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1859 በሰሜን ኢጣሊያ በሶልፈሪኖ አጠገብ የተገኙት ለንግድ ጉዳያቸው የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለማነጋገር ሲሉ ነበር። በጦርነቱ የወደቁትን በሺህ የሚቆጠሩ ቁስለኞች ባዩ ጊዜ ቁስል ማጠብና ውሃ ማጠጣት ቢጀምሩም፣ በእጃቸው ያዳኑት ሰው ጥቂት መሆኑ አይቀርም። ነጋዴው ዱናንት የተዋጣላቸው በሌላ በኩል ነው። የካስቲልዮኔን ከተማ ሴቶች አስተባበሩ፤ ጋሪ ነጂያቸውን ወደ ብሬሺያ ልከው ዕቃ አስገዙ፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1862 አሳተሙ። በመጽሐፉ ያቀረቡት ዋና ሐሳብ፣ ፈቃደኞች ጦርነት ከተነሣ በኋላ በግርግር ከሚሰበሰቡ አስቀድሞ በሰላሙ ጊዜ ይመዝገቡ፣ ይሠልጥኑ፣ ሥራቸውን ይወቁ የሚል ነበር። ቀይ መስቀል የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሦስት ወር ሳይሞላው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ማኅበሩ ለመሠልጠኛ የሚሆን የሰላም ጊዜ አልነበረውም ማለት ነው። በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ስለዚህ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የሕክምና ጓዶች መጡ። በቀይ መስቀል ምልክት ሥር መሥራት ከአደጋ እንደማያድን የታየው ወዲያው ነበር፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ ሠፍሮ የነበረው የስዊድን ጓድ በአውሮፕላን ተደብድቦ ሕሙማንና አስታማሚዎች አለቁ።

በዚያ ጊዜ ከመጡት መካከል ለዚህ ርእስ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅሙት ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ናቸው። ስዊድናዊ መኳንንት፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የተወለዱ፣ በአየር ላይ ትርኢት የታወቁ ወጣት አብራሪ ነበሩ። ሐኪም አይደሉም፤ አስታማሚም አይደሉም። ቃሬዛ ተሸከሙ ቢባሉ ኖሮ እንደማንኛውም ሰው ሁለት እጅ ብቻ በሆኑ ነበር። ነገር ግን መንገድ በሌለበት ተራራማ አገር ቁስለኛውን ወደ ሐኪም፣ ሐኪሙን ወደ ቁስለኛው የሚያደርስ አውሮፕላንና አብራሪ ከብዙ ቃሬዛ ይበልጥ ነበርና፣ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ሐኪምና መድኃኒት እያመላለሱ አገለገሉ። አውሮፕላኑ በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ቆረም ላይ ከጠላት አየር ኃይል በተጣለ ቦምብ ጠፋ። እርሳቸው ግን ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ጉዳይ በዚያ አላበቃም። ከድል በኋላ፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ለ10 ዓመት ያህል፣ ከሞጆ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ በምትገኘው በያኔዋ ደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አብራሪዎች በማሠልጠን አገለገሉ። ይህኛው የደመወዝ ሥራ እንጂ በጎ ፈቃድ አልነበረም፤ ሆኖም አገሩን፣ አየሩንና ሰዉን ያወቁት በዚሁ ጊዜ ነው።

የቮን ሮዘን ታሪክ ለሙያ ማኅበር አባል የሚያስተምረው መልካሙን ገጽ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ተከበበችው ቢያፍራ እርዳታ ይዘው በረሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን እርዳታው በቂ አይደለም ብለው፣ ትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስገጥመው የናይጄሪያን የአየር ጣቢያዎች ደበደቡ። ሙያው ያው ሙያ፣ እጁም ያው እጅ ነበር፤ የሚያገለግለው ጉዳይ ግን ተለወጠ። ሰው ለሙያው የሚስማማ አገልግሎት ሲፈልግ ሙያው ለምን እንደሚውል መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ረኃብ ጊዜ ተመልሰው ሲመጡ በዚያችው ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ይዘው የመጡት እህል ነበር። ዝቅ ብለው እየበረሩ መኪናም በቅሎም ወደማይደርስበት ሥፍራ ከረጢት መጣል ጀመሩ። በአንድ ጉዞ የሚደርሰው እህል ጥቂት ነው፤ መኪና ከሚጭነው ጋር አይወዳደርም። ይሁን እንጂ ያ ሥፍራ ከዚያ በቀር ሌላ ምንም ነገር የማያገኝ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በኦጋዴን ለእርዳታ ሥራ ተሰማርተው ሳሉ፣ ጐዴ ላይ ተገደሉ።

አንድ ሰው በሙያው ሲሰማራ ይህን ያህል ከታየ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲሰማሩ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ይህ ነው። ግዴታ በመሆኑ በጎ ፈቃድ ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን በኋላ ለመጡት ሁሉ አብነት ስለሆነ መታለፍ የለበትም። ከተማሪዎቹ የሚበዙት በአስተማሪነት ተመደቡ። ሕግ ወይም ምሕንድስና የሚያጠና ሰው ለምን ሒሳብ ያስተምራል የሚል ቅሬታ ሊነሣ ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን በየአውራጃው የጎደለው አስተማሪ ነበርና ምደባው የተቀባዩን ችግር የተከተለ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎችም ከሞላ ጎደል ሁሉም አስተማሪዎች ሆኑ፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ክፍል ገብተው አያውቁም ነበር። በሁለቱም ምደባዎች ጉድለቱን የሸፈነው ጊዜ ነው። አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት የቆየ ሰው የማያውቀውን ሥራ ለመልመድ ይችላል፤ በአንድ ቀን ዘመቻ ግን ማንም ምንም አይለምድም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና አስተማሪዎችን ወደ ገጠር አሰማራ። ዘማቹ ፊደል እንዲያስቆጥር፣ ጤና እንዲጠብቅ፣ ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ገበሬውን በማኅበር እንዲያደራጅ ተጠየቀ። እዚህ ላይ የሰውና የሥራ መገጣጠም ጉዳይ በግልጽ ይታያል። የከተማ ልጅ ማንበብና መጻፍ ያውቃል፤ ያንን ሲያስተምር ገበሬው በአክብሮት ተቀበለው። ያው ልጅ የመሬት ክርክር ሲዳኝ፣ ሞፈርና ቀንበር ለያዘው ሰው ስለ አስተራረስ ሲያስተምር፣ የጋራ እርሻ ካልተመሠረተ ሲል ግን ችግር ተፈጠረ። ከባለሥልጣኖችና ከባለመሬቶች ጋር በተነሣው ግጭት ሕይወታቸውን ያጡ ዘማቾች አሉ፤ ጥለው የጠፉትም ብዙ ናቸው። ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በፖለቲካው ላይ ብቻ ይጥሉታል። ፖለቲካው ድርሻው ትልቅ ነው፤ ግን የ18 ዓመት ልጅ የማያውቀውን ሥራ በማያውቀው አገር፣ ባልመረጠው ጊዜ እንዲሠራ መታዘዙ በራሱ በቂ መከራ ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዚህ የተማረ ይመስላል። ሥራው ወደ አንድ ግልጽ ነገር ተጠቃለለ፤ ይኸውም የሚያነብ ሰው የማያነበውን ያስተምራል። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ስለተሰጠ፣ አስተማሪውን ከተማሪው ጋር የሚያገናኘው ሁለቱም የሚናገሩት ቋንቋ ሆነ። ከአስተማሪው የሚጠበቀው በእጁ ያለው ብቻ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ያም ሆኖ ተገዶ የተማረውም ተገዶ ያስተማረውም እንደነበረ፣ ንባቡን በልምምድ ማጣት የረሳውም ብዙ እንደነበረ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ሰው የሚችለውን አስቀድሞ እንደሚያውቅ አድርጎ ይነገር እንጂ፣ የሚስማማው አገልግሎት በሥራ ላይ ሳለ የሚገለጥለትም አለ። ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው በወሊድ ጊዜ በደረሰባቸው ጉዳት ለመታከም ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ወደሚሠሩበት ሆስፒታል መጡ። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ በማንጠፍና እንደ እርሳቸው የተጎዱትን ሴቶች በመርዳት ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያም አጠገብ ቆሞ መርዳት መጣ፤ በመጨረሻም የፊስቱላ ቀዶ ጥገና የሚሠሩና ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሐምሊን ጓድ የሰጠውን የወርቅ ሜዳልያ ከተካፈሉት አንዷ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ፎርም ቀርቦላቸው «ሙያ» በሚለው ሥር ምን ይሞላ ነበር? ይህ ታሪክ የሚያሳየው የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ መሆኑ እንደማይጎዳ ነው፤ የሚጎዳው ሰው በዚያው እንዲቀር መደረጉ ነው።

የደረቅ ወደብ ሰው ሙያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ጎልቶ የሚታየው በ1977 ዓ.ም. ነው። ረኃቡ በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ እህል ከየአቅጣጫው መጣ። የእህሉ መምጣት ግን የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነበር። መርከብ አሰብ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ እስከ ተራቡት ሰዎች ድረስ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በረሃና ዳገት አለ፤ የጭነት መኪናው ጥቂት፣ ጎማውና መለዋወጫው ውድ ነው። መንገድ በሌለበት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስና የጀርመን አየር ኃይል ትራንሳል አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ጣሉ፤ ፖላንዳውያን በሄሊኮፕተር ቀድመው እየሄዱ መጣያውን ሥፍራ ያዘጋጁ ነበር። ከረጢቱ ከመሬት ሲጋጭ እንዳይፈነዳ እህሉ በድርብ ጆንያ መታሸግ ነበረበት። እነዚህ ወታደሮች እንጂ በጎ ፈቃደኞች አይደሉም፤ ነገር ግን ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የታወቀበት የእርዳታ ሥራ ምን እንደሚመስል ያሳያሉ። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ታላላቅ መጋዘኖች ነበሩት። በ1970ዎቹ የተጀመረው የአስቸኳይ ጊዜ የእህል መጠባበቂያም ከመጋዘኖቹ አንዱን ያደረገው በዚያችው ከተማ፣ ሌላውን ደግሞ በሻሸመኔ ነው። ከሞጆ የሚነሡት ሁለቱ መንገዶች ወደ ሁለቱም ይደርሳሉ።

መጋዘን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግድግዳና ጣራ ነው። ለባለሙያው ግን መጋዘን ሥርዓት ነው። ጆንያው በፓሌት ላይ ካልተደረደረ ከሥሩ ይሻግታል፤ ከግድግዳው ፈቀቅ ካላለ አየር አያገኝም፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ካልወጣ ነቀዝ ይበላዋል፤ ቢን ካርዱ በየዕለቱ ካልተሞላ ከስድስት ወር በኋላ ያለውንና የሌለውን የሚያውቅ አይኖርም። አንድ መቶ ኩንታል በመዛግ ቢበላሽ በተራበ ሰው ዘንድ ያልተላከ ያህል ነው። ይህን የሚከላከለው የርኅራኄ ብዛት ሳይሆን የለመደ እጅ ነው።

የዚህ ጉድለት በውጭ አገርም የታወቀ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በአርሜኒያ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ዓለም በርኅራኄ ተነሥቶ 5,000 ቶን የሚሆን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ላከ። ምን እንደመጣ ለማወቅ 50 ሰዎች 6 ወር ሙሉ ሲለዩ ቆዩ። ከመድኃኒቱ ወዲያው ለሥራ ሊውል የቻለው 30 በመቶው ብቻ ነበር፤ የቀረው ጊዜው ያለፈበት፣ ለዚያ አደጋ የማያስፈልግ፣ ወይም ጽሑፉ የማይነበብ ሆኖ ተገኘ። በየአገሩ በሳጥን ያሸጉት ሰዎች ቅን እንደነበሩ አይጠረጠርም። ከመካከላቸው መድኃኒት ቀማሚና የጭነት ሰነድ አዋቂ በየማሸጊያው ቤት አንድ አንድ ቢገኝ ኖሮ ግን የስድስት ወሩ ሥራ ባልተፈጠረ ነበር። ይህ ዓይነት ልምድ ከተደጋገመ በኋላ ታላላቅ የዓለም የማጓጓዣ ኩባንያዎች አደጋ ሲደርስ የወደብ፣ የመጋዘንና የጉዞ ባለሙያዎቻቸውን ያለ ክፍያ ለዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚያውሱበት ስምምነት ተፈጠረ። ከገንዘብ ይልቅ ሰው ማዋስ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ወደ ሞጆ ሲመለሱ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ይሆናል። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት በ2004 ዓ.ም. የተለያዩ ድርጅቶችን አዋሕዶ ከተቋቋመ ወዲህ በዚህ ሥፍራ የተከማቸው ዕውቀት በአገሪቱ በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ያ ዕውቀት ከደጃፉ ውጭ የሚፈለግበት ቦታ ብዙ ነው። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን የሚያስቀምጥበት ጎተራ ቢን ካርድ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል። ለክሊኒክ የተላከ የሕክምና መሣሪያ በሰነድ ጉድለት ሳይንቀሳቀስ ሊቆም ይችላል፤ አንድ ትራንዚተር በሁለት ሰዓት ምክር የሚፈታው ችግር ነው። የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ የድንኳንና የብርድ ልብስ መጋዘኑ አደጋ ሳይደርስ በፊት ቢቆጠርለት፣ አደጋ በደረሰ ማግሥት ምን እንዳለው ያውቃል። ሌሊት ለሌሊት መንገድ ላይ የሚያድር ሾፌር ደግሞ የትራፊክ አደጋ የት እንደሚደጋገም ከማንም በላይ ያውቃል፤ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ቢሠለጥን አምቡላንስ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ሊሞላ የሚችለው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጠያቂው መጠየቅ ሲያውቅ ነው። የዕድር ዳኛ አዲስ አባል ሲገባ ሥራውን፣ ቤቱንና ጠባዩን ያውቃል፤ ትልቅ ድርጅት ግን ካልጠየቀ አያውቅም። ሰውየው ዕለት ዕለት የሚሠራው ምንድን ነው? ነፃ የሚሆነው በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት ነው? የሦስት ወር ሥራ ጀምሮ ይጨርሳል ወይስ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ይሻለዋል? ሥራውን የሚቀበለውስ ወገን በእርግጥ ፈልጎታል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚዘነጋው ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የዘመተውን ወጣት ከገበሬው ጋር ያጋጨው ይህ ጥያቄ አለመነሣቱ ነበር። ፈቃደኛውም በበኩሉ የሚጠይቀው አለው፤ ማን ያዘኛል፣ ቢጎዳ ማን ይጠይቀኛል፣ የምሠራው የደመወዝተኛ ሥራ ነጥቆ ይሆን? በተለይ የመጨረሻው በጫኝና አውራጅ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የቀን ሠራተኛ እንጀራውን በሚያገኝበት ቀን መቶ ሰው በነፃ ጆንያ ልሸከም ብሎ ቢመጣ፣ የዚያን ቀን በጎ ፈቃድ የሚከፍለው የቀን ሠራተኛው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በሙያ ማኅበር ዘንድ ሊረሳ አይገባም። ሳምንቱን ሙሉ ማኅተም ሲመረምር፣ ቁጥር ሲያመሳክር የከረመ ሰው እሑድ ደግሞ ሌላ መጋዘን ግባ ቢባል ሊሰለቸው ይችላል። ሙያውን ማዋጣት የሚችል መሆኑ ማዋጣት አለበት ማለት አይደለም። ደም የሚለግስ ሰው የሚጠየቀው ጤንነቱን እንጂ ሙያውን አይደለም፤ የክሬን ነጂውም ከክሬኑ ከወረደ በኋላ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ወይም በዕድሩ ድንኳን መትከል ቢመርጥ ምርጫው የእርሱ ነው። ከዓመት ዓመት የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ይህን ተጠይቆ የመረጠው ሰው ነው። ችግኝ ተከላው እንደሆነ በየክረምቱ ይመጣል፤ አካፋም አይጠፋም። በዕድሩ ዕቃ ቤት ያለው ደብተር ግን ባለፈው ዓመት ከሞላ አዲስ ሰው እየጠበቀ ነው።